ይገባል፣ ግን ይስማማል?

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የአጎቴን አምፕሊፋየር ላቃጥለው ትንሽ ነው የቀረኝ። ያውም ላድነው ብዬ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ጊታር ይጫወቱ ነበር። ሸክላ ያስቀረጹ ወይም ስማቸው የገነነ ሰው አይደሉም። ቅዳሜ ማታ ሆቴል፣ እሑድ ሠርግ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ሠርተዋል። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ትንሽ ሲቀረው፣ ወደ ሀገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ አሜሪካዊ ላይ ፌንደር ባንድማስተር ገዙ። እንደ ሻንጣ እጀታ ያለው፣ ፊቱ ላይ ነጭ ቁጥር ያለባቸው ጥቁር ማዞሪያዎች የተደረደሩበት ሣጥን ነው። አብዮቱ ሲመጣ ባንዱ ተበተነ። አምፑ ግን ሥራ አልፈታም፤ የቀበሌው ኪነት ቡድን ይዋሰው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ዝም አለ፣ በዚያው ቀረ። እኔ የማውቀው ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተደርጎበት ነው።

በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ካውያው መሳቢያ ውስጥ ነው። የፋሲካ ዕለት ሁላችንም ተሰብስበን ሳለ አጎቴ ወደ ጥጉ እያዩ፣ "አንተ ኢንጂነር አይደለህም እንዴ? እስቲ ይቺን ነገር እያት" አሉኝ። ሰው ፊት እንዲህ ከተባለ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም።

ጀርባውን ስከፍተው ሁለት ትልልቅ ቲዩቦች ጎን ለጎን ቆመዋል። (አሜሪካኖቹ ቲዩብ፣ እንግሊዞቹ ቫልቭ ይሉታል። አየር የወጣለት ብርጭቆ ነው፤ ውስጡ የሚግል ካቶድ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ መሐል ላይ ያለው ፍርግርግ ደግሞ እንደ ቧንቧ መዝጊያ ፍሰቱን ይቆጣጠራል።) አንደኛው ላይ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ላይ ግን የሩሲያ ፊደል አየሁ። ወዲያው የመጣልኝ ሐሳብ "ይሄንን አምፕ የሆነ ሰው አበላሽቶታል" የሚል ነበር። የአሜሪካ ዕቃ ውስጥ የሶቪየት ቲዩብ ምን ይሠራል?

ሮክ የሚጫወት ጓደኛዬ ቤት ሁለት ያልተነኩ ቲዩቦች ነበሩት፤ ኢኤል34 ይባላሉ። የማርሻል አምፖች የሚታወቁበት ቲዩብ ነው። ስምንት እግር አላቸው፤ የአምፑም ሶኬት ስምንት ቀዳዳ ነው። አሮጌዎቹን ነቅዬ አዲሶቹን ስከት ልክክ ብለው ገቡ። ስፒናውን ከ220 ወደ 110 በሚቀንስ ትራንስፎርመር በኩል ሰካሁት። ቲዩቦቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጊታሩን ስመታ የሆነ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ጉንፋን የያዘው ዓይነት። ደስ አለኝ እኮ! አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን የሞቀ ቫርኒሽ ሽታ ሸተተኝ። የአምፑን ትራንስፎርመር ስነካው እጄን ማሳረፍ አልቻልኩም። ስፒናውን ነቀልኩት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። አምፕሊፋየር ውስጥ ያለው ሌላው ዕቃ ሁሉ ብዙም ያነሰም በገንዘብ ይገኛል። የዚያ ዘመን ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ግን ያው የራሱ የሆነ አይገኝም። አጎቴ ከሃምሳ ዓመት በላይ የጠበቁትን ዕቃ እኔ በአምስት ደቂቃ ልጨርሰው ነበር። ምክንያቴ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ "ገባ!"

ስምንት እግር

በማግስቱ አንዱን ኢኤል34 በጨርቅ ጠቅልዬ መርካቶ ወረድኩ። ሰው በሰው ጠይቄ ዕድሜያቸው የገፋ ሬዲዮ ጠጋኝ አገኘሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ቲዩቡን ገልብጠው እግሮቹን ቆጠሩና የመጀመሪያውን በጥፍራቸው ነኩት።

"ይቺ እግር እዚህ ሥራ አላት። የአንተው አምፕ በሚፈልገው ቲዩብ ላይ ግን ሥራ የላትም። ሥራ የሌላት ቦታ ላይ ደግሞ ሰው ሌላ ዕቃ ያስርባታል። ልጄ፣ መግባቱን አትየው። ይገባል ማለት ይስማማል ማለት አይደለም።"

ቤት ገብቼ ነገሩን ሳጠና የእሳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ 1930ዎቹ ወሰደኝ። (ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1935 በፊት የሬዲዮ ቲዩቦች አራት፣ አምስት፣ ስድስት ወይም ሰባት እግር ነበራቸው፤ ሶኬታቸውም እንደዚያው የተለያየ ነበር። በ1935 ኦክታል የሚባለው ሶኬት መጣ። ስምንት ቀዳዳ በክብ፣ መሐል ላይ አንድ ጠርዝ ያለው ምሰሶ፤ ስለዚህ ዓይንህን ጨፍነህ እንኳ አዙረህ ልትከተው አትችልም። በዓመቱ በ1936 አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚሁ ሶኬት ላይ 6ኤል6ን አወጣ። የአጎቴ አምፕ የሚፈልገው የዚህ ቲዩብ የኋላ ትውልድ የሆነውን 6ኤል6ጂሲን ነው።

6ኤል6 መጀመሪያ ሲወጣ ሰውነቱ ብረት ነበር፤ አንደኛው እግር ከብረቱ ቅርፊት ጋር ይያያዝ ነበር። በኋላ ብርጭቆ ሲሆን ያ እግር ከምንም ጋር ያልተገናኘ ሆነ። ፌንደር ፋብሪካ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ይህንን ባዶ እግር እንደ ማሰሪያ ተጠቀሙበት፤ ሬዚስተር ከነጠላ ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ሆነ። ብልሃት ነው፣ ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የመጣው ኢኤል34 አንደኛ እግሩ ላይ ሦስተኛ ፍርግርግ አለው። ያ ፍርግርግ ከስምንተኛው እግር፣ ማለትም ከካቶዱ ጋር መያያዝ አለበት። እኔ ስከተው ግን የጊታሩ ሲግናልና በአሥሮች የሚቆጠር ኔጌቲቭ ቮልት የሚያልፍበት ነጥብ ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ለዚህ ነው።

ሽታውስ? 6ኤል6ጂሲ ለማሞቂያው 0.9 አምፒር ይወስዳል፤ ኢኤል34 ደግሞ 1.5። ሁለት ሲሆኑ ከ1.8 ወደ 3 አምፒር ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ሳይጠየቅ ተጨማሪ ሸክም ተጫነበት። በዚያ ላይ የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ የእኛ 50። ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው ሣጥን ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን አይለውጥም። ቮልቴጁ እኩል ሆኖ ድግግሞሹ ሲቀንስ የትራንስፎርመሩ ብረት ሃያ በመቶ የበለጠ መግነጢስ ይሸከማል። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ካውያ በያዝኩ ሰዓት ግን አልታወሰኝም።

ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ ፕሮግራሙ ኮምፓይል አደረገ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም። ሶኬቱ የሚነግረን የቅርጹን ስምምነት ብቻ ነው። በየትኛው እግር ምን ይገባል፣ ስንት አምፒር፣ ስንት ቮልት የሚለው ሌላ ስምምነት ነው። እሱ ደግሞ ሶኬቱ ላይ አይታይም፤ የሆነ ቦታ የተጻፈ መሆን አለበት።

እነማን ጻፉት?

ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። በ1938 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ የከፈተው ሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነው። ሰዎች የተበላሸ ሬዲዮና የድምፅ ማጉያ ያመጡለታል፤ እሱ ይከፍታል፣ የተበላሸውን ያገኛል፣ ይለውጣል። በ1940ዎቹ አምፕሊፋየር መሥራት ሲጀምር የሠራው ራሱ ቢጠግነው ደስ የሚለውን ዕቃ ነው።

ይሄ የአጎቴን አምፕ ስትከፍቱ ይታያል። ሬዚስተሮቹና ካፓሲተሮቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንደ ወታደር ተሰልፈው ይታያሉ፤ ማንኛቸውንም በካውያ ነክተህ ለብቻው ታወጣለህ። ዕቃዎቹ የፌንደር አይደሉም፤ ማንኛውም የአሜሪካ ሬዲዮ ጠጋኝ ካታሎግ አገላብጦ የሚያዛቸው ናቸው። የወረዳው ንድፍ ራሱ ከሰማይ አልወረደም፤ የቲዩብ አምራቾች ሰው ቲዩባቸውን እንዲገዛ ብለው በሚያሳትሟቸው መመሪያዎች ውስጥ ናሙና ንድፎች ይወጡ ነበር፣ የዘመኑ አምፕ ሠሪ ሁሉ ከእነሱ ተምሯል።

ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የትኛው ቲዩብ የት እንደሚገባ ይነግራል። ጥግ ላይ ሁለት ፊደል ተመትቶበታል። የመጀመሪያው ዓመቱ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው፤ ከ1951 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይቆጠራል። የአጎቴ ላይ "ፒ ዲ" ይላል፤ ሚያዝያ 1966። ማዞሪያዎቹ ጀርባ ላይም ቁጥር አለ። 137 ማለት ሲቲኤስ የተባለው አምራች ነው፤ ቀጥሎ ያለው ዓመቱና ሳምንቱ። ትራንስፎርመሩ ላይ 606 ካለ ሹማከር ሠርቶታል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለሰብሳቢዎች ተብለው የተጻፉ አይደሉም፤ የፋብሪካ መዝገብ ናቸው። ዛሬ ግን አንድ ዕቃ አብሮ የተወለደ ይሁን በኋላ የተተካ የምንለየው በእነሱ ነው።

ለንደን ውስጥ በተገኘው

እዚህ ጋ ታሪኩ ወደ እንግሊዝ ይሻገራል፤ ምክንያቱም "ኦሪጅናል" የሚለውን ቃል እንደገና እንዳስብ ያደረገኝ እዚያ የሆነው ነገር ነው።

ጂም ማርሻል ከበሮ መችና የከበሮ አስተማሪ ነበር። በ1960 ምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። የሮክ ልጆች ሱቁን አዘወተሩት፤ ጊታርና አምፕ አምጣልን ይሉታል። የሚፈልጉት የፌንደር አምፕ ነው። ከአሜሪካ ስለሚመጣ ግን ዋጋው አይቀመስም። በሱቁ ጥገና የሚሠራው ኬን ብራንና ዱድሊ ክሬቨን የተባለ ወጣት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አንድ ፌንደር ባስማን ፈትተው አዩ። በ1958 እና በ1960 መካከል የተሠራው የባስማን ሞዴል፣ ባለ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሩ ማለት ነው። "ይሄንን እኛም መሥራት እንችላለን" አሉ።

የሠሩት በንድፍ ደረጃ ቅጂ ነው ማለት ይቻላል። በዕቃ ደረጃ ግን አሜሪካ አይደሉም። ትራንስፎርመሩን ከእንግሊዝ የዕቃ አከፋፋይ ወሰዱ። ባስማኑ የመጀመሪያ ደረጃው ላይ 12ኤዋይ7 የተባለ ትንሽ ቲዩብ ነበረው፤ እነሱ አውሮፓ ውስጥ የትም የሚገኘውን ኢሲሲ83 አስገቡ። ሁለቱ እግር በእግር አንድ ናቸው፣ ሶኬት መቀየር አያስፈልግም። ግን የመጀመሪያው ሲግናልን የማጉላት አቅሙ 44 ገደማ ሲሆን ሁለተኛው 100 ነው። በጀንሰን ስፒከሮች ፋንታ የእንግሊዙን ሴሌስሽን አደረጉ፤ በ10 ኢንች ፋንታ 12 ኢንች፣ ጀርባው ክፍት በሆነ ሣጥን ፋንታ የተዘጋ። ትልልቆቹ ቲዩቦች መጀመሪያ እንደ ባስማኑ 5881 ነበሩ፤ ብዙ ሳይቆይ የእንግሊዙ ኬቲ66 ገባ፣ ወደ 1960ዎቹ አጋማሽ መጨረሻ ደግሞ ኢኤል34። አምፑን ጄቲኤም45 አሉት፤ ጂምና ልጁ ቴሪ ማርሻል ማለት ነው።

ውጤቱ ባስማን አልሆነም። ቶሎ የሚቧጨር፣ ወፍራም፣ ሲጮህ የሚያጓራ ሌላ አውሬ ሆነ። ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ማዮል ባንድ ጋር አልበም ሲቀዳ የተጠቀመው የዚሁ ቤተሰብ አምፕ ነው። ጂሚ ሄንድሪክስም ማርሻል ላይ ተተከለ፤ የሚገርመው የራሱም ሙሉ ስም ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ ነው።

አስቡት። ዛሬ ሰዎች ኦሪጅናል ዕቃው ካልተነካ ብለው ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍሉበት የማርሻል ድምፅ የተወለደው ተተኪ ዕቃ ከመፈለግ ነው። ሰዎቹ ግን እንደ እኔ "ገባ" ብለው አልተዉትም። ኢኤል34 ሲያስገቡ አንደኛውን እግር ከስምንተኛው ጋር አያይዘውታል፤ ለማሞቂያው የሚችል ትራንስፎርመር አድርገውለታል። የሚለወጠውን ሲለውጡ በዙሪያው ያለውንም አብረው ለወጡ።

ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ

በታኅሣሥ 1947 አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብራቶሪ ትራንዚስተርን ሠራ። ከዚያ በኋላ ቲዩብ የሚጠብቀው የመቃብር ቀኑን ብቻ ነበር። ትራንዚስተር ትንሽ ነው፣ አይግልም፣ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም። ሬዲዮው ተለወጠ፣ ቴሌቪዥኑ ተለወጠ፣ ኮምፒውተሩ ተለወጠ። 6ኤል6ን የወለደው አርሲኤ በ1976 ኒው ጀርዚ ያለውን የቲዩብ ፋብሪካውን ዘጋ። እንግሊዝ ውስጥ ብላክበርን ላይ የነበረው የሙላርድ ግዙፍ ፋብሪካም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቲዩብ ማምረቱን አቆመ። የዓለም ጊታሪስት ሁሉ ተደምሮ አንድን ፋብሪካ በሥራ ለመያዝ አይበቃም ነበር፤ ጊታሪስቶች ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባሳደገው ኢንዱስትሪ ጥላ ሥር ነበር የሚኖሩት።

በዚያው በ1976 መስከረም ውስጥ አንድ የሶቪየት አብራሪ ሚግ-25 ጄቱን ይዞ ጃፓን፣ ሃኮዳቴ ላይ አረፈ። አሜሪካኖቹ የተፈራውን ጄት ሲፈቱት ውስጡ ብዙ ቲዩብ አገኙ። ብዙዎች ሳቁ። ሶቪየቶቹ ግን በቲዩብ ሲገፉበት ስለቆዩ ፋብሪካዎቻቸው አልተዘጉም ነበር። ከሚሠሯቸው አንዱ ደግሞ 6ፒ3ኤስ ይባላል፤ የ6ኤል6 የሶቪየት ዘመድ። ዝምድናው በአጋጣሚ አይደለም፤ በ1930ዎቹ አርሲኤ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የቴክኒክ ትብብር ስምምነት ነበረው። እግሩ፣ ማሞቂያው 0.9 አምፒር መሆኑ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ነው።

ማይክ ማቲውስ የተባለው ኒውዮርካዊ፣ የኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ መሥራች፣ የሶቪየት ኅብረት መጨረሻ ላይ ይህንን አየ። ሶቭቴክ በሚል ስም የሩሲያ ቲዩቦችን ወደ አሜሪካ ማስገባት ጀመረ፤ በኋላም ሳራቶቭ ከተማ ያለውን ፋብሪካ ገዛ። በ1990ዎቹ ከፌንደርም ከማርሻልም ፋብሪካ የሚወጡ ብዙ አምፖች ውስጥ "5881" የሚል የተጻፈበት የሶቭቴክ ቲዩብ ነበር። ስሙ አሜሪካዊ ነው። ብርጭቆው ግን የ6ፒ3ኤስ ጠንካራ ዝርያ ነው፤ ለሶቪየት ጦር መሣሪያ ተብሎ የተሠራ።

ዛሬ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚመጣው ከሩሲያ፣ ከስሎቫኪያና ከቻይና ነው። ስሎቫኪያ ውስጥ ቻድጻ በምትባል ከተማ ያለው ጄጄ የቀድሞዋን ቼኮዝሎቫኪያ የቲዩብ ሙያ ወርሶ በ1990ዎቹ የተነሣ ነው። በመጋቢት 2022፣ የዩክሬን ጦርነት እንደጀመረ፣ የሩሲያ ቲዩብ ወደ ውጭ እንዳይወጣ መታገዱ ተነገረ። ሱቆች ትዕዛዝ መቀበል አቆሙ፣ ዋጋ ተሰቀለ። ቆይቶ መላኩ ቀጠለ። ግን እነዚያ ጥቂት ሳምንታት በቂ ነበሩ። ሶፍትዌር ውስጥ ያለን ሰዎች ይህንን ዓይነት ፍርሃት እናውቀዋለን፦ ዓለም ሁሉ የቆመበት ነገር ከሥር አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው ሆኖ ሲገኝ።

ሃያ ጠፍቶ ሃያ ሁለት

ወደ አጎቴ ሳሎን ልመለስ። መርካቶ ያሉት ሽማግሌ ከመለያየታችን በፊት፣ "ወረቀቱን አንብበኸዋል?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የቲዩቡን ሠንጠረዥ ማለታቸው ነው። አላነበብኩትም፤ አቧራ ነበረበት። በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ከእንግሊዝኛው ኅትመት ሥር በእርሳስ፣ በአማርኛ የተጻፈ አገኘሁ። "6ፒ3ኤስ ገብቷል። ባያስ ተስተካክሏል። ግንቦት 1975።" የእኛ 1975፣ ደርግ ዘመን።

አጎቴን ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "አዎ፣ አንዱ ቲዩብ ተቃጥሎ ነበር። የሲኒማ ማሽን የሚጠግን ልጅ ነበር፣ እሱ ነው ያስገባው። ከአሜሪካ ምን ይመጣል ያኔ!" አሉኝ። የሶቪየት የሲኒማ ማጉያዎች በ6ፒ3ኤስ ይሠሩ ነበር። እኔ "አበላሽቶታል" ያልኩት ሰው የትኛው እግር ሥራ እንዳለው ያውቅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዕቃ በጠፋበት ዘመን፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ከዓመታት በኋላ የሚደርሱበትን መልስ ቀድሞ ደርሶበታል። ፍጹም መፍትሔ አልነበረም። 6ፒ3ኤስ ከ6ኤል6ጂሲ ያነሰ ቮልቴጅ ነው የሚችለው፣ ሁለቱ ቲዩቦች እኩል ሳይጎትቱ ሲቀሩም አምፑ ያጉረመርማል። ግን ትራንስፎርመሩን አላቃጠለም። የሠራውንም ጽፎ ነው የሄደው።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከባዶ ጀመርኩ። ያደረግኩትን ባጭሩ ልናገር፤ አንዳችሁ ቤት እንዲህ ያለ ሣጥን ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ግን ማስጠንቀቂያ፦ የቲዩብ አምፕ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል። እንዴት እንደሚራገፍ፣ ራግፎ በቴስተር እንዴት እንደሚረጋገጥ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አትክፈቱት።

ባለ ሁለት እግሩ የመብራት ገመድ ወጣ፤ ባለ ሦስት እግር፣ የመሬት ሽቦ ያለው ገባ። ከመብራቱ መስመር ወደ አምፑ ብረት የምትሄደውን ትንሽ ካፓሲተር ቆርጬ አወጣኋት። እሷ ውስጧ ከተበሳ ብረቱ፣ ጊታሩና የጊታሪስቱ እጅ ሁሉ መብራት ይሆናሉ። ፈረንጆቹ የሞት ካፓሲተር የሚሏት ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ላይ ኦሪጅናል ይቆይ የሚል ክርክር አልቀበልም።

ቀጥሎ መብራቱን የሚያጣሩት ትልልቅ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ ሃምሳ ዓመት በጣም ብዙ ነው። ንድፉ 20 ማይክሮፋራድ ይላል። ፈልጉ፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ 20 የለም፣ ያለው 22 ነው። ቁጥሮቹ በኋላ በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለተስተካከሉ 20 የሚባለው ከመደርደሪያው ወጣ። መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ከዚያ የዚያ ዘመን ኤሌክትሮላይቲኮች ከተጻፈባቸው ቁጥር በሰፊው ይለያዩ እንደነበር ተረዳሁ፤ ፋብሪካው ውስጥ "20" ተብሎ የገባው ራሱ 22 ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ እዚህ ቦታ ሁለት ማይክሮፋራድ ብትጨምር ምንም አይደለም። የሚችለው ቮልት ቢያንስ ግን ይፈነዳል። የመለዋወጫ ጥበብ ይሄ ይመስለኛል፤ የትኛው ቁጥር ይቅርታ እንደሚያውቅ፣ የትኛው እንደማያውቅ መለየት።

ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካሁ። የዚያ ዘመን የካርቦን ሬዚስተሮች በዕድሜ ዋጋቸው ወደ ላይ ይወጣል። በጣም የሸሹትን ብቻ ቀየርኩ፤ የቀሩትን አልነካሁም። ማዞሪያዎቹን አጸዳሁ እንጂ አልቀየርኩም። ትራንስፎርመሩን ለክቼ ሲተርፍ፣ እውነቴን ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። ከሙቀቱ እንዲያርፍም ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ አዘጋጀሁለት፤ የዳንቴሉ ዘመን አበቃ።

ቲዩቦቹ ስሎቫኪያ የተሠሩ፣ ተመዝነው የተጣመሩ ሁለት 6ኤል6ጂሲ ናቸው። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ለሠርግ ስትመጣ በሻንጣዋ፣ በካልሲ ተጠቅልለው መጡ። ባያሱን በቴስተር አስተካከልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰካው በመስመሩ መሐል አንድ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባሁ። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ አምፑ ይተርፋል። አምፖሉ ቦግ አለና ወዲያው ደበዘዘ። ደህና ነው ማለት ነው።

የእርሳሱ ጽሑፍ

አጎቴ ጊታራቸውን ይዘው ሲቀመጡ ጣቶቻቸው ቶሎ አልታዘዟቸውም። ማጥበቂያውን ደጋግመው አዙረው አንድ የትዝታ ቅኝት ጀመሩ፣ አቋረጡት፣ እንደገና ጀመሩ። ድምፁ ሞልቶ ወጣ። ከወጥ ቤት ሰዎች መጡ።

"ጋሼ፣ ያው ድምፅ ነው?" አልኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ" አሉኝ። "ሃምሳ ዓመት ሆነው እኮ። ጆሮዬም ያው አይደለም።" ትንሽ ቆይተው ግን፣ "ኪነት ቡድን እያለን እንዲህ ያጉረመርም ነበር። አሁን አያጉረመርምም" አሉ።

የኪነቱ ጊዜ ማጉረምረም የሁለቱ የማይመጣጠኑ ቲዩቦች ይመስለኛል። ለእሳቸው ግን ያ ድምፅ የዚያ ዘመን ድምፅ ነው፤ ጠፍቷል፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በዚህ አልኮራም፣ አላዝንምም። አምፑ ከ1966 ጀምሮ አንድ ሆኖ አያውቅም። ሲወጣ አንድ ነበር፣ በ1975 ግንቦት ሌላ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ነው። እስካሁን ያቆየው ያልተነካ መሆኑ አይደለም፤ የነኩት ሰዎች የሚነኩትን ማወቃቸው ነው። ከእኔ የመጀመሪያ ሙከራ በቀር።

ያወጣኋቸውን ዕቃዎች በሙሉ በአንድ ከረጢት አድርጌ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ሩሲያዊው ቲዩብ በጨርቅ ተጠቅልሎ አብሮ አለ፤ ለክፉ ቀን ይሆናል። ጀርባውን ከመዝጋቴ በፊት እርሳስ አምጥቼ ከዚያ ሰው መስመር ሥር ጻፍኩ፦ ምን እንደቀየርኩ፣ ምን እንዳልነካሁ፣ የባያሱን ቁጥር፣ ወሩንና ዓመቱን። መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። "ኢኤል34 ይገባል፤ አታስገቡ።"